በሚገባ ተሠርቶ ገዥ ስላጣ አይሮፕላን

ዛሬ የሚነገረው በደኅና እየበረረ ሳለ አንድ ገዥ እንኳ ስላላገኘ አይሮፕላን ነው።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1942 ዓመት፥ ጦርነቱ ገና ሳይፈጸም፥ የእንግሊዝ መንግሥት ከሰላም በኋላ ለመንገደኞች ምን ዐይነት አይሮፕላን እንደሚያስፈልግ የሚመክር ጉባኤ አቆመ፤ ሰብሳቢውም ሎርድ ብራባዞን ነበረ። ጉባኤው እንዲሠሩ ካመለከታቸው አንዱ ከሎንዶን እስከ ኒውዮርክ ሳያርፍ የሚሻገር ታላቅ አይሮፕላን ነው። ሥራው ለብሪስቶል ኩባንያ ተሰጠ፤ አይሮፕላኑም በሰብሳቢው ስም ብራባዞን ተባለ።

የጉባኤው አሳብ እንዲህ ነበረ። አትላንቲክን በአየር የሚሻገር ሰው ባለጸጋ ወይም ሹም ነው፤ እንዲህ ያለውም ሰው በታላቅ መርከብ የለመደውን ምቾት ካላገኘ አይሳፈርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ስድስት ሜትር ኩብ ያህል ስፍራ፥ ደግሞም መኝታ፥ የመጠጥ ክፍል፥ ሲኒማ እንኳ ሳይቀር ታሰበለት። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሜትር፥ ሞተሩ ስምንት፥ ክብደቱ ከነጭነቱ 130 ቶን ያህል ኾነ። የሚጭነው ሰው ግን 100 ብቻ ነበረ።

በፊልተን ያለው የመንደርደሪያ ሜዳ ስላልበቃው ቻርልተን የምትባል መንደር ፈረሰች፤ ነዋሪዎቿም ቤታቸውን ለቀው ወጡ።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 1949 ዓመት ብራባዞን በደኅና በረረ። ገዥው ግን የት አለ? አይሮፕላን በተነሣ ቍጥር የቤንዚኑ ዋጋ፥ የአብራሪዎቹና የመካኒኮቹ ደመወዝ ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም ይከፈላል፤ ይህም ወጪ በተሳፋሪው ቍጥር ይካፈላል። ነጋዴ ስምንት በቅሎ አሰልፎ የሁለት በቅሎ ጭነት ብቻ ቢጭን ቀለባቸውን ከየት ያወጣል? ፍጥነቱም በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ከዚያው ጉባኤ ምክር የተወለደው ኮሜት የተባለው ጄት ግን በዚያው ዓመት በጁላይ በረረ፤ ፍጥነቱም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ፈጣኑ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ዘገምተኛው አንድ ጊዜ ይመላለሳል፤ እንግዴህ በአንድ ወንበር የሚገኘው ገቢ እኩል አይኾንም። እርግጥ ነው፥ የመጀመሪያው ኮሜት አትላንቲክን ያለ ዕረፍት መሻገር አይችልም ነበር፤ በ1954 ዓመትም ሰው ከጨረሰ በኋላ ከበረራ ታገደ። ቢኾንም የገዥዎች ዐይን ወደ ጄት ዞሮ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ብራባዞን የታቀደው የሚገዛው አየር መንገድ አጥብቆ ሳይሻው ነው። በዚያው ጉባኤ ምክር የተሠራው ቪስካውንት መጀመሪያ 32 ሰው የሚጭን ነበረ፤ አየር መንገዱ «ይህ ያንሳል» ባለ ጊዜ ኩባንያው አስረዘመው፤ ከ440 በላይም ተሠራ። ቪስካውንት ሲኒማ አልነበረውም።

በ1953 ዓመት መንግሥት የብራባዞንን ሥራ አቆመ። ስድስት ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የፈሰሰበት አይሮፕላን ተቈራርጦ በ10,000 ፓውንድ ለቍርጥራጭ ብረት ገዥ ተሸጠ። ቻርልተን አልተመለሰችም። ለእርሱ የተሠራው ታላቅ አዳራሽና የተራዘመው ሜዳ ግን ቀሩ፤ በኤፕሪል 9 ቀን 1969 ዓመትም በእንግሊዝ አገር የተገጠመው የመጀመሪያው ኮንኮርድ ከዚያው ሜዳ ተነሣ። ኮንኮርድም 20 ብቻ ተሠራ፤ የወሰዱትም የእንግሊዝና የፈረንሳይ አየር መንገዶች ብቻ ነበሩ።