ጥፋቱን በሸረሪቷ ስም መዝግበን ነበር

(በአምቦ ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



በእህል መጋዘናችን ግድግዳ ላይ ያለችውን መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ሸረሪት ሁላችንም እናውቃታለን። አምና አንዲት እህታችን ጎኗ ላይ እንደ መቀነት የዞረ ሽፍታ ወጣባት። «ሸረሪት ሸንታባት ነው» አልን። ሁለት ጣሳ ፍሊት ገዝተን እህል ባለበት መጋዘን ረጨን። እሷም ቅባት እየተቀባች ሁለት ሳምንት ቤቷ ቆየች።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ በሽታው አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ተገኘ። በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ከዳንን በኋላም ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ሰውነት ሲደክም ይነሳል። ሸረሪት የለችበትም። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው። እህታችን ዘገየች፤ ሕመሙ ለወራት አልለቃት አለ፤ እንጀራ መጋገር አቃታት፤ የብድር ክፍያዋም አለፈ። የመዘግየት ቅጣቱን መዝገብ ላይ ያሰፈርነው እኛው ነን።

ሸረሪቷስ ማን ናት? ድር አድርተው ከመጠበቅ ይልቅ ሮጠው የሚይዙ አዳኝ ሸረሪቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ ወገን ሄቴሮፖዳ ይባላል፤ ብዙ ዝርያዎች አሉት። ሄቴሮፖዳ ቬናቶሪያን ሊኒየስ በ1767 እ.ኤ.አ. መዝግቧታል፤ ከእስያ ተነስታ ከሙዝ ጭነት ጋር ብዙ ሞቃት አገሮች ገብታለች። በላኦስ የምትገኘው ሄቴሮፖዳ ማክሲማ ደግሞ እግሮቿ ሲዘረጉ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ቬናቶሪያ በረሮ ትበላለች፤ እናቲቱም የእንቁላሏን ከረጢት ከሆዷ ሥር ይዛ ትዞራለች። ከተያዘች ልትነክስ ትችላለች፤ ንክሻዋ ያማል እንጂ ለሰው ሕይወት አያሰጋም።

እኛ የሂሳብ ሰዎች ወጪ በተሳሳተ ስም ከተመዘገበ ሚዛኑ እንደማይገጥም እናውቃለን። የበሽታውን ጥፋት በሸረሪቷ ስም፣ የእኛን ጥፋት ደግሞ በእህታችን ስም መዝግበን ኖሯል። ስለዚህ ኮሚቴው ቅጣቱን ሰርዞ ገንዘቧን መልሶላታል። ከእንግዲህም አባል በሕመም ስትዘገይ ከመቅጣታችን በፊት ቤቷ ሄደን እንጠይቃለን።

አደራ የምንላችሁ፦ በአንድ ጎን የሚያቃጥል ሽፍታ ካያችሁ፣ በተለይ ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፍሊት እህል አጠገብ አትርጩ። ሸረሪቷን ከፈራችሁ በመጥረጊያ ወደ ውጭ ሸኟት።