ስሕተትን ከመነሻው ማንበብ



በሊነክስ ላይ አንድን የዴስክቶፕ ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ አንሥቶ ኮምፓይል ለማድረግ የሚጀምር መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው የስሕተት መልእክት ጋጋታ ነው። ጀማሪው የመጨረሻውን መስመር ያነባል፤ ልምድ ያለው ግን ወደ ላይ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይፈልጋል። የኋለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ልጆች ናቸውና። ሥራው በብዙ ፕሮሰሰሮች ተከፋፍሎ ሲካሄድ መልእክቶቹ ስለሚደባለቁ፣ በአንድ ረድፍ እንደገና ማስኬድ መነሻውን ገልጦ ያሳያል።

ስሕተቱ የተነሣበትን ደረጃ መለየት ግማሽ መፍትሔ ነው። በዝግጅቱ ደረጃ፣ ላይብረሪው በማሽኑ ላይ እያለ «አልተገኘም» የሚባልበት ጊዜ አለ። ዴቢያን ፕሮግራምን ለማስኬድ የሚያስፈልገውንና ለመሥራት የሚያስፈልገውን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ የሄደር ፋይሎቹ ስሙ በ«ዴቭ» በሚያልቅ ሌላ ጥቅል ውስጥ ይገኛሉ፤ በፌዶራ ደግሞ «ዴቬል» ይባላል። በመጨረሻው የማገናኘት ደረጃ ላይ «ፍቺው አልተገኘም» የሚባል ስም ሲመጣ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ሄደሩ ተገኝቶ ላይብረሪው ለሊንከሩ እንዳልተሰጠ ወይም የሁለቱ እትም እንዳልተስማማ ያመለክታል።

ከሁሉ የሚከብደው ትናንት እሺ ያለው ኮድ ዛሬ እምቢ ሲል ነው። የሲ ቋንቋ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 ያልታወጀን ፈንክሽን መጥራት አስቀረ። የጂ.ሲ.ሲ. ኮምፓይለር ግን የቆየውን ኮድ ላለመጣል ሲል ቢበዛ በማስጠንቀቂያ ሲያልፈው ቆይቶ፣ በ2024 በወጣው በ14ኛው እትሙ ስሕተት አድርጎ ይመልሰው ጀመር። አንዳንዱ የቀድሞውን ልማድ የሚመልስ ትእዛዝ ጨምሮ ይገላገላል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በቀድሞው ልማድ ኮምፓይለሩ ያልታወጀው ፈንክሽን ኢንቲጀር እንደሚመልስ ይገምታል። በተለመዱት የ64 ቢት ሊነክስ ማሽኖች ኢንቲጀር 32 ቢት፣ የሜሞሪ አድራሻ ግን 64 ቢት ነው። ፈንክሽኑ አድራሻ የሚመልስ ከሆነ ግማሹ ይቆረጣል። ፕሮግራሙ ቢበዛ በማስጠንቀቂያ ኮምፓይል ይሆንና፣ በኋላ በተጠቃሚው እጅ፣ ምናልባትም የቀን ሙሉ ሥራ ሳይቀመጥ፣ ይወድቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መድኃኒቱ ግን ብዙውን ጊዜ የጎደለውን ሄደር የሚጠራ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ኮምፓይለሩን ዝም ማሰኘት ሥራን መጨረስ አይደለም። ያችን አንዲት መስመር ጽፎ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች የሚልክ መሐንዲስ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ባልደረባ ከተመሳሳይ ድካም ያድነዋል።