ስለ ተፈጥሯዊ ወሊድ ዝግጅትና ስለ አራቱ ሰዓታት



የዝግጅት ኮሚቴው በከሚሴና በአካባቢው ስለሚሠሩት የገጠር መንገዶች እንድናገር ሲጠይቀኝ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌንም አላጠፍኩም። ነገር ግን ዛሬ ወደ መንገዱ የምደርሰው በሌላ በኩል ዞሬ ነው፤ ይኸውም በነፍሰ ጡር ሴት ደጃፍ በኩል ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ አዋላጅም አይደለሁም። በዚህ አዳራሽ የሕክምና ሰዎች ካሉ ስሕተቴን እንደሚያርሙልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በፀነሰችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ በፊርማዬ በጸደቀ አንድ መሻገሪያ ዳር የሆነው ነገር ደግሞ ማንበቤን ከቤቴ ጉዳይ አውጥቶ የሥራዬ ጉዳይ አደረገው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

«ተፈጥሯዊ ወሊድ» የሚለው አነጋገር በዓለም ላይ የተስፋፋው ግራንትሊ ዲክ ሪድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 በዚሁ ስም መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ነው። ሐኪሙ የተናገረው በአጭሩ ይህ ነው፤ ሴቲቱ ስትፈራ ሰውነቷ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ሕመሙ ይበረታል፣ ሕመሙም ፍርሃቱን መልሶ ይጨምረዋል። ስለሆነም በሰውነቷ ውስጥ የሚሆነውን አስቀድማ የተረዳች ሴት፣ ካልተረዳችው ይልቅ ምጡን በተሻለ ሁኔታ ትወጣዋለች። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝም እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ኅብረት ያየውን የአተነፋፈስና የሰውነት ማላላት ልምምድ ወደ ፓሪስ ወስዶ አስፋፋው። ትምህርታቸው ብዙ ተከታይ ያገኘው፣ በሠለጠኑት አገሮች ሆስፒታሉ እናቲቱን አስተኝቶ፣ አደንዝዞ፣ ከዘመድ ለይቶ ማዋለዱ ከመጠን አልፏል ብለው ቅሬታ ባደረባቸው ሰዎች ዘንድ ነበር።

ይህን ሳነብ ጥቂት ፈገግ ማለቴን አልሸሽግም። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ100 ወሊዶች ውስጥ በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ «ተፈጥሯዊ» ወዴት ይገኛል! ነገር ግን በዚያው ጥናት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። ከብዙ ድካም በኋላ፣ በተለይም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ ሠራተኞቹ በየቀበሌው ከተሰማሩ ወዲህ፣ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናት ወደ 412 ወርዷል፤ በጤና ተቋም የሚወልዱትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ100 ወደ 48 ደርሰዋል። እንግዲህ ተፈጥሮ ብቻውን ዝግጅት አይሆንም። እኔ የተረዳሁት፣ ዝግጅት ያለው ተፈጥሯዊ ወሊድ ማለት ሥራውን ለእናቲቱ ሰውነት ትቶ፣ ሰውነቷ እርዳታ የሚሻበት ሰዓት ቢመጣ ግን እርዳታው በቅርብ እንዲገኝ ማድረግ መሆኑን ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከምጡ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። ክትትሉን ከ12ኛው ሳምንት በፊት መጀመር እንደሚገባ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 8 ጊዜ መገናኘትን እንደሚመክር አዋላጆቹ ይነግሩናል። የደም ግፊት ይለካል፣ ደምና ሽንት ይመረመራል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል፣ በየቀኑ የሚዋጥ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይታደላል። ስለ እንክብሉ አንድ ነገር ልጨምር። በከሚሴ ቤት ቡና ሳይፈላ የሚያልፍ ቀን የለም። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ወይም ከእንክብሉ ጋር ተያይዘው ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ቡናው ይቅር አይባልም፤ ሰዓቱ ይራቅ እንጂ። ባለቤቴ እንክብሏን ማታ ስትተኛ መዋጥ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው።

በምግብም በኩል፣ ብዙ ከበላች ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጸናባታል የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ገና አልጠፋም። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋታል። የአካባቢው ማሽላ በጥራጥሬ፣ በጎመን፣ በወተትና በእንቁላል ከታገዘ መልካም ምግብ ነው። ስለ ረመዳን ጾምም፣ ለራሷ ወይም ለፅንሱ የምትሠጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ሃይማኖቱ እንደሚፈቅድላት ሼሆቹ ራሳቸው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ እነሱ ሲናገሩት ከእኔም ከነርሷም ይልቅ ይሰማል። ጫትን በተመለከተ ግን አንደበቴን አላለሰልስም። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋርም የተያያዘ ነው። ጨፋ ሜዳ ረግረጋማና ቆላ ስለሆነ ወባም አለ፤ በወባ የተያዘች ነፍሰ ጡር ከሌላው ሰው የበለጠ ትጎዳለችና አጎበሩ በመጀመሪያ የሚገባው በእሷ መኝታ ላይ ነው።

ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ሽርት ውሃ ያለ ጊዜው መፍሰስ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ነገ ይሻላል ተብሎ አይታደርም። ይህን ምክር በኦሮምኛ፣ ባልና አማትም በተቀመጡበት መናገር ይበጃል፤ ምክንያቱም በብዙ ቤት ጤና ጣቢያ ይኬድ ወይስ አይኬድ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ሙያችን ጥቂት እንጠጋ። እርጉዝ ሴት ከባድ እንዳትሸከም የማይመክር የለም። አንድ ሃያ ሊትር ጄሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውሃ መለኪያችን በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር የሚል ነበር። ርቀቱን የምንለካው ግን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ነው። ከሜዳው ወደ ምዕራብ በሚወጣው ዳገት ላይ የምትኖር የስምንት ወር እርጉዝ በቀጥታ መስመር አትሄድም።

ስለ ምጡ ጊዜ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ አያቶቻችን ቢያነቡት የሚደሰቱበት ነው። እናቲቱ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ይሁን፣ እንደ ልቧ ትንቀሳቀስ፣ ውሃም ትጠጣ፣ በሚመቻት አኳኋን ትውለድ፣ ወገቧን እየታሸች፣ በእርጋታ እየተነፈሰች ታሳልፈው ይላል። በወሎ ሴቶች ተሰብስበው፣ ቡና አፍልተው ለእርጉዟ የሚያደርጉት የዱበርቲ ዱዓ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ፍርሃትን የሚያርቅ ጉባኤ ነው። ብዙ እናቶች ጤና ጣቢያን የሸሹት አልጋ ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ ከዘመድ ተለይቶ መውለድን ፈርተው እንደሆነ አዋላጆች ራሳቸው ይመሰክራሉ። በዚህ ምክንያት በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና መዘጋጀቱ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም፣ እኔ ከትልልቅ ሥራዎች ተርታ እቆጥረዋለሁ። ባለቤቴ የተገላገለችው እናቷ ወገቧን ይዘው፣ ተንበርክካ ነው። አዋላጇ ያደረገችው ማየት፣ ማዳመጥና መጻፍ ነበር።

የምትጽፍበትን ወረቀት አየሁት። ግራፍ ነው! ፓርቶግራፍ ይባላል። በአግድሙ ሰዓት፣ በቁመቱ የማሕፀን በር የተከፈተበት ሴንቲ ሜትር ይመዘገባል። ይህን ዓይነቱን ግራፍ በሁለት መስመር ያበለጸጉት ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1972፣ ቦታውም የዛሬዋ ዚምባብዌ ነበር። የመጀመሪያው የማንቂያ መስመር በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ሁለተኛው፣ የእርምጃ መስመር የተባለው፣ ከእሱ 4 ሰዓት ዘግይቶ ጎን ለጎን ይሰመራል። አራት ሰዓት ለምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ መንገድ ነው። ገጠር ክሊኒክ ያለች እናት የማንቂያውን መስመር ስታልፍ ተነሥታ፣ እርምጃ የሚያሻበት ሰዓት ሳይደርስ ሆስፒታል እንድትገባ የተተወ ጊዜ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሴት በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንደማትሄድ ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ድርጅቱ በአዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ ተክቶታል። ያም ሆኖ፣ በአንድ የሕክምና ወረቀት ላይ ለእኔ ሙያ የተተወውን ቦታ ሳይ የተሰማኝን መግለጽ ያቅተኛል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከከሚሴ ብዙም በማይርቅ አንድ ወንዝ ላይ፣ ከዳገቱ ወርዶ ወደ ቦርከና በሚገባ፣ ፎርድ የምንለውን ዝቅተኛ የኮንክሪት መሻገሪያ እንዲሠራ ያጸደቅሁት እኔ ነበርኩ። ድልድይ ይገባዋል ያለ ሰው ነበር። እኔ ግን የተሽከርካሪ ቆጠራውን ዘርግቼ፣ በቀን በጣት ለሚቆጠሩ መኪናዎች ድልድይ አይሠራም አልኩ። ጎርፉ በክረምት ጥቂት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ጥቂት ሰዓት ቢዘጋው የሚታገሥ ነው ብዬ በማብራሪያው ላይ ጻፍኩ። በስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን የቅሬው ሰዎች በቃሬዛ የተሸከሟት፣ ምጥ የጸናባት ሴት ከመሻገሪያው ደረሰች። ጎርፉ ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አምቡላንሱ በወዲያኛው ዳር ቆሟል፤ መብራቱ ይታያል። ውሃው እስኪጎድል አምስት ሰዓት ያህል ቆዩ። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። እኔ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን የመሻገሪያውን ጉዳት ለመመዝገብ ነው፤ ኮንክሪቱ ምንም አልሆነም ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሆኑ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ስለካ ሲያዩኝ ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ስትሠሩት ውሃው ስንት ሰዓት ይቆያል ብላችሁ ነበር?» አሉኝ። ንቀት አልነበረበትም። ማወቅ ፈልገው ነው። አሃዙን አውቀው ነበር፤ መናገር ግን አልቻልኩም።

የእናቶች ሞት አጥኚዎች መዘግየትን በሦስት ይከፍሉታል፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምናውን በማግኘት። መካከለኛው የእኛ ነው ብለን እንቀበል። ሦስተኛውም ቢሆን ከእኛ እጅ አይወጣም። ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል፤ የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቆላ ጤና ጣቢያ፣ የፀሐይ ኃይል ማቀዝቀዣው ባትሪ የማን ሥራ ነው? የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧስ? በምጥ መራዘም ምክንያት በፊስቱላ የሚሠቃዩትን ለማዳን ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል ያቋቋሙት፣ በወቅቱ ያልደረሱ እናቶች ብዙ በመሆናቸው ነው።

መንገዱ እስኪሠራ ድረስ መንገዱን አስቀድሞ መሻገር ይቻላል። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ቤት ከፍቷል፤ ሩቅ ያሉ ድርስ እርጉዞች ከምጡ በፊት መጥተው ይቀመጡበታል። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያ አጠገብ ማቆያ አለ። ሆኖም የትኛው እንደሆነ የማልናገረው አንዱን ባየሁ ጊዜ ክፍሉ ባዶ ነበር። ማብሰያ የለውም፤ መጸዳጃው ከቤቱ ሩቅና ጨለማ ነው፤ ልጆቿን ይዛ ለመጣች እናት ማስቀመጫ ስፍራ አልታሰበም። እንግዲህ እርጉዟ ምን ልታደርግ ትመጣለች? ዕቅዱን የነደፈው ሰው፣ ከእኛ አንዱ ነው፣ ሁለት ክፍል ከነአልጋው ብሎ ዘግቶታል። ከዚያም በላይ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ በደረሰ ጊዜ ወደ ደሴም ወደ አዲስ አበባም የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ፣ እናቶች ባሉበት ለመውለድ ተገደዋል። ያን ጊዜ የተማረች አዋላጅ በቀበሌው መኖሯና ቤተሰቡ አስቀድሞ መዘጋጀቱ ከአስፋልቱ በላይ ዋጋ ነበረው።

ቤተሰቡ የሚዘጋጀው ቀላል ነገር ነው፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚኬድ መወሰን፣ ጥቂት ገንዘብ ማስቀመጥ፣ የአምቡላንሱን ስልክ ግድግዳ ላይ መጻፍ፣ ንጹሕ ጨርቅ ማዘጋጀት፣ አብራት የምትሄደውን ሴትና ቤት የሚጠብቀውን ሰው መምረጥ፣ ለቅሬው አስቀድሞ መንገር። በክረምት የምትወልድ ከሆነ ቀኑ ሲቃረብ ከወንዙ ማዶ መሻገር።

በእኛ በኩል ያለውን ልጨርስ። የመንገድ ጥናት ቅጻችን መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪና የጭነት እንስሳ የሚቆጠርበት ረድፍ አለው፤ ስምንት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ ግን የሚገባበት ረድፍ የለውም። ከዚያ ነሐሴ ወዲህ በማዘጋጀው ጥናት ሁሉ ላይ በእጄ ሁለት መስመር እጨምራለሁ። አንደኛው ከወንዙ ማዶ በዓመት ስንት ወሊድ እንደሚጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ጎርፉ መሻገሪያውን ዘግቶ የሚቆይበት ረጅሙ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ከአራት ከበለጠ ድልድይ እጠይቃለሁ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ልኬ፣ ሦስቱም ጊዜ «ይህ ከመመሪያው ውጭ ነው» ተብሎ ተመልሶልኛል። ቅጹን አባዝቼ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ፤ የምትፈልጉ ስትወጡ ትወስዳላችሁ። አራተኛውን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።