ለጠቅላይ ሚኒስትሩም ወሰን ይበጅለት



የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። መንግሥትን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን፣ በአንቀጽ 72 ዘመኑ ከምክር ቤቱ አምስት ዓመት ጋር ከመያያዙ በቀር፣ ስንት ጊዜ እንደሚሾም ወሰን የለውም። አቶ መለስ ዜናዊ ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ነሐሴ 2004 ዓ.ም.፣ ለ17 ዓመታት በመንበሩ ሲቆዩ የጣሱት የዘመን ገደብ አልነበረም።

«ምክር ቤቱ ስለሚያወርደው ገደብ አያሻም» የሚል ክርክር አለ። በ2007ቱ ምርጫ ግን 547ቱንም መቀመጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ያዙ፤ እንዲህ ባለ ምክር ቤት ማን ማንን ያወርዳል?

የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ከሁለት ዘመን አያልፍም። ለኢትዮጵያም ይኸው እንዲጻፍ፣ አንቀጽ 72 በአንቀጽ 105 ሥርዓት እንዲሻሻል በየመድረኩ እንጠይቅ።