ጥቁሩ ተአምር፦ ሆሴ ሌአንድሮ አንድራዴ

ሆሴ ሌአንድሮ አንድራዴ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በኡራጓይዋ ሳልቶ ከተማ ተወለደ። ከድሃ ቤተሰብ የተገኘው አንድራዴ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ ሊስትሮ ሆኖ ሠርቷል፤ ጋዜጣ አዙሯል፤ በካርኒቫል ሰሞን ከበሮ መትቷል። በእግር ኳስ ስሙ መነሣት የጀመረው በቤያ ቪስታ ክለብ ነው።

በ1924 የኡራጓይ ቡድን ለኦሊምፒክ ፓሪስ ሲገባ፣ አውሮፓውያን ስለ ደቡብ አሜሪካ እግር ኳስ የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ዩጎዝላቪያ 7 ለ 0 ተረታች። በቀኝ አማካይ ቦታ የተሰለፈው መለሎው አንድራዴ ኳስ የሚነጥቀው በጉልበት ሳይሆን በጥበብ ነበር፤ ከነጠቀም በኋላ ሳይቸኩል፣ ኳሷን ከእግሩ ሳይለይ ወደ ፊት ይወጣል። ተመልካቹ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጥቁሩ ተአምር» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በዚያ ነው። በፍጻሜውም ስዊዘርላንድ 3 ለ 0 ተሸነፈች።

በ1928 በአምስተርዳም ኡራጓይ ወርቁን ደገመች። በ1930 ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ፣ በገዛ ከተማዋ ሞንቴቪዴዮ፣ አርጀንቲናን 4 ለ 2 ረታች። አንድራዴ በሦስቱም ድሎች ተሳትፏል። ስሙ በዓለም ዙሪያ የገነነ የመጀመሪያው ጥቁር የእግር ኳስ ኮከብ እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጫማ ሰቀላ በኋላ የነበረው ሕይወቱ ግን ያሳዝናል። የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ፤ ገንዘቡም አለቀ። የእህቱ ልጅ ቪክቶር ሮድሪጌስ አንድራዴ በ1950 የዓለም ዋንጫን ሲያነሣ፣ አጎቱ በድህነት ይኖር ነበር። አንድራዴ በ1957 በሞንቴቪዴዮ ዐረፈ።