ከዲግሪው በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓመት

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ አመራር ስለ አዲስ የዲዛይንና የኮንስትራክሽን ምሩቃን የእውቀት ክፍተት እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ትዝ ያለኝ ሁላችንም የምናውቀው ክርክር ነው። አሠሪዎች «ዩኒቨርሲቲው ምን እያስተማረ ነው?» እንላለን። መምህራን ደግሞ «ለኢንተርንሺፕ የላክንላችሁ ልጅ ምን ሠርቶ ተመለሰ?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ዛሬ ግን ጥፋተኛ ፍለጋውን ትተን፣ ክፍተቱ የት ላይ እንዳለ እስቲ በምሳሌ እንይ።

ልጆቹ ስሌት አይቸግራቸውም። ሶፍትዌሩንም ከብዙዎቻችን በተሻለ ይሠሩበታል። የሚጎድላቸው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ሳይት ላይ በማን እጅ እንደሚጠበቅ፣ በማን እጅ እንደሚበላሽ ማወቅ ነው።

ከሕንፃው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የበረንዳ ሶሌታ እንውሰድ። ዋናው ፌሮ ከላይ መሆን እንዳለበት ማንኛውም ተመራቂ ያውቃል። ስሌቱ ከሶሌታው የታች ፊት እስከ ፌሮው መሐል 12 ሳንቲ ሜትር ይዟል እንበል። የሙሌት ቀን ሠራተኛው ኮንክሪት ተሸክሞ እዚያው ፌሮ ላይ ሲመላለስ ይውላል። ፌሮውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ቼር ካነሰ፣ ፌሮው ተረግጦ 4 ሳንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል። 12 የነበረው 8 ሆነ ማለት ነው፤ በረንዳው ከአቅሙ ሲሶውን ያህል አጣ። ንድፉ ትክክል ነው፣ ፌሮውም በቁጥር አልጎደለም። ከሙሌቱ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ በዓይን አይታይም። በዚያ በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡት፣ ልጅ የሚያጫውቱት ሰዎች ግን የቆሙት በቀረው አቅም ላይ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ለአንድ ከረጢት፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 25 ሊትር ውሃ ታዘዘ እንበል፤ ምጣኔው 0.5 ነው። ክረምት ላይ ሜዳ የዋለ አሸዋ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ቢይዝ፣ 100 ኪሎ አሸዋ 5 ሊትር ውሃ ይዞ ይገባል። ማንም ባልዲ ሳያነሳ ምጣኔው 0.6 ደረሰ። በዚያ ላይ «ትንሽ ይቅጠንልን» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥንካሬው እዚያው ወረደ። ልጃችን ይህን ግንኙነት ለፈተና አጥንቶታል፤ አሸዋውን ጨብጦ ማየት እንዳለበት ግን የነገረው የለም።

አርክቴክቶችም አላችሁና ደረጃውን ልጨምር። ሁሉም እርከን በኮንክሪት እኩል 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ተሠራ። የወለሉ ማጠናቀቂያ 8፣ የደረጃው 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የመጀመሪያው እርከን 14፣ የመጨረሻው 20 ሆኖ ይቀራል። ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ጋ ነው። የሁለቱን ውፍረት አስቀድሞ የጠየቀ ንድፍ አውጪ ግን ያለ ምንም ወጪ ያስተካክለዋል።

እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ ሰው ሳይት ላይ አይጠፋም፤ ፎርማኑ ያውቃል፣ ፌሮ ሠራተኛውም ያውቃል። ችግሩ አዲሱ ምሩቅ «ኢንጂነር» ተብሎ ከተጠራ በኋላ መጠየቅ ያፍራል። ፎርማኑም ያልተጠየቀውን አይናገርም። ልጁ ስህተቱን ቢያየው እንኳ ሚክሰሩ እየዞረ፣ ሃያ ሠላሳ ሠራተኛ ቆሞ «ሙሌቱ ይቁም» ለማለት ድፍረቱን ከየት ያመጣል? አበው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። በእኛ ሙያ ካለመናገር የሚመጣው ከሹመት መቅረት የከፋ ነው።

ስለዚህ አጫጭር ሥልጠና ብቻውን አይበቃም። ለውል አስተዳደርና ለሶፍትዌር ይጠቅማል፤ ዓይንንና ድፍረትን የሚያሠለጥነው ግን አጠገብ የሚቆም ሰው ነው። ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኢንተርንሺፑን እናክብረው። ተማሪው ወሩን ሙሉ ቴክኦፍ ሲገለብጥ ከርሞ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ፎርም ይዞ ይመለሳል። ያንን ፎርም ከሚፈርሙት ብዙዎቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ ስም አልጠራም! አንድ ድርጅት መቀበል ያለበት ኃላፊ ሰው ሊመድብለት የሚችለውን ያህል ተማሪ ብቻ ነው። በፎርሙ ፈንታም የሥራ መዝገብ ይኑር፦ ስንት ሙሌት ቆሞ አየ? ስንት ፌሮ ቆጠረ? የራሱን ኪዩብ ሞልቶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲፈተሽ አይቷል?

ሁለተኛ፣ ለመምህራኖቻችን፦ ፎርማኑን ክፍል አስገቡት። በሴሚስተር ሁለት ቀን፣ ተገቢው አበል ተከፍሎት፣ ከመምህሩ ጎን ቆሞ ያስረዳ። ለዚህች አገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ከማስተማሩ ጎን የቁሳቁስ ፍተሻም ይሠራ ነበር። ትምህርቱና ሥራው ጎረቤት ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ለአሠሪዎች፦ በመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ አዲስ ምሩቅ አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ በስም ይመደብለት። ከሙሌት በፊት ልጁ የሚፈርምበት ዝርዝር ይኑር፤ እሱ «ይቁም» ካለ፣ አለቃው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ሥራው በእርግጥ ይቁም። ግማሽ ቀን ይባክናል፣ አዎ። የተሞላ በረንዳ አፍርሶ ከመሥራት ግን ይረክሳል፤ ሳይፈርስ ሰው ከገባበት ደግሞ ሒሳቡ በብር አይደለም።

ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ዛሬ ከምሳ በፊት የመዝገብ ወረቀት በየጠረጴዛው ይዞራል። በዚህ ዓመት አንድ ምሩቅ አጠገቡ ሊያቆም የሚችል ሰው ስሙንና የሚሠራበትን ከተማ ይጻፍ። መምህራንም የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዘው ይጠብቁናል። ለአንድ ልጅ ብቻ ጊዜ ያለው ሰው አንድ ብሎ ይጻፍ፤ አንድ በቂ ነው።