ከጃፓን የመጫወቻ ሱቅ ምን ይዘን መጣን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለቡና ኤግዚቢሽን ቶኪዮ ደርሰን ከተመለስን ወዲህ ከእናቶቻችን አንዷ “ቡና ልታስተዋውቁ ሄዳችሁ የልጆች መጫወቻ ሱቅ ምን ወሰዳችሁ?” ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ልንሰጥበት ይገባል።

የሄድነው ሺቡያ ፓርኮ ወደሚባል ትልቅ የገበያ ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተ ሲሆን፣ ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ በ2019 ሥራ ጀምሯል። ስድስተኛ ፎቅ ላይ የቪዲዮ ጌምና የካርቱን ሱቆች ተሰብስበዋል፤ ኒንቴንዶ፣ ፖኬሞን፣ ካፕኮም፣ ጃምፕ። ፖኬሞን ሱቅ በር ላይ ሚውቱ የተባለው ፍጡር መስታወት ውስጥ ተኝቶ ይታያል። ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎችም ዕቃ ይዘው ተሰልፈዋል። መጀመሪያ ሳቅን።

የሒሳብ ሰው ነንና ቀጥሎ ዋጋ ማየት ጀመርን። ስኒው ያው ስኒ ነው፤ ፎጣውም ያው ፎጣ። ማሪዮ ሲሳልበት ግን ሰው ተሰልፎ ይገዛዋል። የሚከፍለው ለሸክላው ብቻ ሳይሆን ለሚያውቀው ስም ነው። ኒንቴንዶ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተጀመረ ድርጅት ነው። ያ ስም በአንድ ጀምበር አልተገነባም።

የእኛስ ቡና? ከሸኮ ጫካ ጥላ ሥር የለቀምነውን እሸት ለሰብሳቢ እናስረክባለን፤ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፤ ስማችንም እዚያው ይቀራል። ኤግዚቢሽኑ ላይ ግን ገዢዎች “የማን ቡና ነው? እንዴት ደረቀ?” እያሉ ይጠይቁን ነበር። ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች አገራችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ብዙ ደክማለች፤ ጃፓን ውስጥ እስከ ፍርድ ቤት ተሟግታለች።

ስም ደግሞ በቀላሉ ይጎድፋል። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት በማግኘቷ፣ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ ቀንሶ ነበር። ኬሚካል የነካው ጆንያ በምክንያትነት ተጠርጥሯል። መድኃኒት የነበረበትን ጆንያ አጥበን ቡና የምንሞላ ካለን፣ ከዛሬ ጀምሮ እንተው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከዘንድሮ ትርፍ ግማሹን አንካፈል። በእሱ የቡና ማድረቂያ አልጋና ንጹሕ ጆንያ እንግዛ፤ የየአባሏ ቡና ከተለቀመበት ቀን ጀምሮ በመዝገብ ይያዝ። ክፍፍሉን ለልጆቿ ደብተርና ዩኒፎርም የምትጠብቅ እህት እንዳለች እናውቃለን፤ መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነን። ለእሷ ቀላል ነው አንልም። ለዚህም ነው ውሳኔውን ለጉባኤው የተውነው።

በመጨረሻም፣ ከዚያ ሱቅ አንድ ስኒ ገዝተን መጥተናል፤ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። የተገዛው በራሳችን ኪስ ነው፤ በጉዞው ሒሳብ ውስጥ የለም።